በካርቦን ናኖቲዩብ የማጣበቂያ መጋጠሚያን ጤንነት የመከታተል የአሠራር መመሪያ

ሁለት ላሜራዎች በብሎን ሲያያዙ የብሎኑ መላላት በዓይን ይታያል፣ በመፍቻም ይፈተሻል። በማጣበቂያ ሲያያዙ ግን ሸክሙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው በመካከላቸው ተደብቆ የሚኖር፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ ንጣፍ ስለሆነ፣ ከውስጥ መላቀቅ ቢጀምር ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737-200 አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ የጣሪያው ሰፊ ክፍል ተገንጥሎ ሲሄድና አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን ስታጣ፣ የጥፋቱ ሥር የተገኘው እዚህ ነበር፤ ተደራርበው የተጋጠሙት የአካሉ ላሜራዎች ማጣበቂያ ቀስ በቀስ ለቅቆ፣ እርጥበት ገብቶ ዝገት ፈጥሮ፣ ማጣበቂያው ይሸከመው የነበረው ጫና ወደ ሪቬቶቹ ተዛውሮ ከቀዳዳዎቻቸው የድካም ስንጥቅ ተነሥቶ ነበር። አውሮፕላኑ እስከዚያ ዕለት 89,680 ጊዜ በርሯል።

የዚህ መመሪያ ሐሳብ ማጣበቂያው ስለ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ለዚህ የምንጠቀምበት የማጣበቂያ ዓይነት፣ ኢፖክሲ፣ በባሕርይው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ የማይሞላ ካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) በሚገባ ከተበተነበት ግን፣ ቲዩቦቹ እርስ በርስ በመነካካትና በመቀራረብ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ መረብ ይሠራሉ፤ ያ መረብም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያት የዓለምን ትኩረት የሳቡት እነዚህ ቲዩቦች ውፍረታቸው በናኖሜትር፣ ርዝመታቸው ግን በማይክሮሜትር የሚለካ በመሆኑ፣ ድፍን ክብ ቅንጣት ካለው የካርቦን ጥቀርሻ ይልቅ በጣም በትንሽ መጠን መረብ መሥራት ይችላሉ። በሁለት ጎረቤት ቲዩቦች መካከል ጥቂት ናኖሜትር ኢፖክሲ ቢኖርም ኤሌክትሮን ክፍተቱን ዘልቆ ያልፋል፤ ክፍተቱ በትንሹ እንኳ ሲሰፋ ግን የማለፍ ዕድሉ እጅግ በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ማጣበቂያው ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የሚገታበት መጠን) ይጨምራል፣ መለጠጡ ሲቀር ወደ ቦታው ይመለሳል። ስንጥቅ ሲፈጠር ግን መረቡ ይበጠሳልና ጭማሪው አይመለስም።

አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ይሁን። ሬዚስታንስ ለውጥን ይናገራል፤ ጥንካሬን ግን አያውቅም። ቅባት ባልጸዳ ላሜራ ላይ የተጣበቀ ደካማ መጋጠሚያና በጥንቃቄ የተሠራ ጠንካራ መጋጠሚያ፣ ሸክም ሳያርፍባቸው ሲለኩ ተመሳሳይ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህ ዘዴ የሚጠቅመው መጋጠሚያው በአገልግሎት ላይ ሳለ ከመነሻው ሁኔታ ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ ነው፤ ስለዚህም ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ሥራዎች ሁሉ ታማኝ መነሻ ንባብ መያዝን ያህል ዋጋ ያለው የለም።

ከረንቱና ስንጥቁ የት ይገናኛሉ?

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት መጋጠሚያዎን በወረቀት ላይ ከጎን ይሳሉና ሁለት መስመሮች ያስምሩ፤ አንዱ ከረንቱ የሚሄድበት፣ ሌላው ስንጥቁ ሊሄድበት የሚችልበት መንገድ ይሁን። ተደራርበው በሚጋጠሙ ላሜራዎች ላይ ጫናው የሚበረታው በድርቡ ሁለት ጫፎች ላይ ስለሆነ፣ ስንጥቁ ዘወትር ከጫፍ ተነሥቶ ከንጣፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ መሐል ይገባል። ከረንቱም እንዲሁ ከንጣፉ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚጓዝ ከሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ፤ ማጣበቂያው ለሁለት ሊሰነጠቅ ሲቃረብ እንኳ ቁጥሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከረንቱ ንጣፉን ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ስንጥቁ የሸፈነው ቦታ ሁሉ ከመንገዱ ይቀነሳል።

የሚጣበቁት አካላት ብረት ከሆኑ ይህ በራሱ ይሟላል። ሁለቱ ላሜራዎች ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ከረንቱ የሚገባበትና የሚወጣበት አካል ይሆናሉ፤ ከረንቱ ከአንዱ ላሜራ በማጣበቂያው ውፍረት በኩል ወደ ሌላው ይሻገራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በዚህ እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ስሌቱም ቀላል ነው፣ የስንጥቁ ቦታ የትም ቢሆን ንባቡ አይስተውም። አካላቱ የመስታወት ፋይበር ከሆኑ ግን ኤሌክትሮዱን ራስዎ መሥራት ይኖርብዎታል። የተለመደው መንገድ በድርቡ አንድ ጫፍ ላይ በላይኛው አካል፣ በሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ በታችኛው አካል ላይ የብር ቀለም ቀብቶ፣ ከድርቡ ተርፎ የሚወጣው ማጣበቂያ ቀለሙን እንዲሸፍን ማድረግ ነው። ቀለሙን ወደ ድርቡ ውስጥ አያስገቡት፤ የብር ቀለም ራሱ ደካማ ስለሆነ ሊከታተሉት ያሰቡትን መጋጠሚያ ያዳክመዋል። ይህ አቀማመጥ በኤሌክትሮዱ በኩል የሚመጣውን ስንጥቅ በደንብ፣ በተቃራኒው ገጽ የሚመጣውን ግን በደካማው እንደሚያይ አስቀድመው ይወቁ።

የካርቦን ፋይበር አካላት ከሁለቱ መካከል ናቸው፤ ያስተላልፋሉ፣ ግን በየአቅጣጫው እኩል አይደለም፤ ለልምምድ አይመረጡም።

ቁሳቁስ

ለአንድ ሙከራ የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ (ሬዚንና ማጠንከሪያ)፣ ባለብዙ ግድግዳ ካርቦን ናኖቲዩብ፣ እስከ ሚሊግራም የሚመዝን ሚዛን፣ መበተኛ መሣሪያ፣ ቫክዩም ማውጫ፣ ዲያሜትራቸው 0.2 ሚሊሜትር የሆነ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃዎች፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አሴቶን፣ ክላምፕ፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦና በአራት ሽቦ መለካት የሚችል መልቲሜትር ነው። ላሜራዎቹን ለእንዲህ ያለ መጋጠሚያ መፈተሻ በወጣው በኤኤስቲኤም ዲ1002 ደረጃ ልክ ቢቆርጡ፣ ማለትም ወርዳቸው 25.4፣ ውፍረታቸው 1.6፣ የድርባቸው ርዝመት 12.7 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ውጤትዎን ከሌሎች ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። ቢያንስ አምስት መጋጠሚያዎች ናኖቲዩብ ባለው፣ ሦስት ደግሞ ናኖቲዩብ በሌለው ማጣበቂያ ይሥሩ፤ የኋለኞቹ ቅንጣቱ ጥንካሬውን ጎድቶት እንደሆነ ይነግሩዎታል። ከአምስቱ በተጨማሪ ሸክም ፈጽሞ የማይነካው አንድ መጋጠሚያ ለማነጻጸሪያ ይቅር። ይህን ብዙዎች እንደ ብክነት ይቆጥሩታል፤ ምክንያቱ ግን ወደ ኋላ ይገለጻል።

ስለ ዱቄቱ

ደረቅ ናኖቲዩብ ከጥጥ ብናኝ የቀለለ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት በዓይን ሳይታይ ወደ አየር ይነሣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የተጋላጭነት ወሰን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም አንዱን የባለብዙ ግድግዳ ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ዱቄቱን አየር በሚስብ ዝግ ጠረጴዛ ውስጥ ብቻ ይመዝኑ፣ ለረቂቅ ብናኝ የተሠራ ማስክና ጓንት ያድርጉ፣ የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አያንሡ። ምርጫ ካለዎት ደግሞ ደረቁን ጨርሶ ይተዉና አስቀድሞ በሬዚን ውስጥ በከፍተኛ መጠን የተበተነውን ይግዙ፤ በፈሳሽ ውስጥ የተያዘ ቅንጣት ወደ ሳንባ አይበርም፣ የመበተኑም ሥራ ግማሹ ተሠርቶልዎታል። የጠነከረውን መጋጠሚያ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ወይም በመጋዝ ሲቆርጡም ማስኩ አይለይዎት። የኢፖክሲ ማጠንከሪያም ቆዳን አለርጂ ያስይዛልና ጓንቱ ለሁለቱም ነው።

ቅልቅሉ

መጠኑን ሲያሰሉ የሬዚኑን ብቻ ሳይሆን የማጠንከሪያውንም ክብደት ያስገቡ። ለምሳሌ 100 ግራም ሬዚን 30 ግራም ማጠንከሪያ የሚፈልግ ከሆነና ናኖቲዩቡ ከጠቅላላው 0.3 በመቶ እንዲሆን ከፈለጉ፣ የሚመዝኑት 0.39 ግራም ነው። በሬዚኑ ብቻ ካሰሉት 0.3 ግራም ይወጣል፤ ማጠንከሪያው ሲጨመር መጠኑ ወደ 0.23 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ደረጃ ትንሽ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ መረቡ ገና መያያዝ በሚጀምርበት መጠን አካባቢ ያለ ቅልቅል በጥቂት ጭማሪ አስተላላፊነቱ በብዙ እጥፍ ይለወጣልና፣ ሁለት መጋጠሚያዎች ከሁለት ቅልቅል ሲሠሩ ለማነጻጸር ያስቸግራሉ። ለአንድ ዙር ሙከራ የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀላቅሉ።

ብዙ ቅንጣት ማስገባት የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። መረቡ በጣም ሲጠብቅ አንድ መንገድ ቢበጠስ ከረንቱ ሌሎች ብዙ መንገዶች ስለሚያገኝ ለትንሽ ስንጥቅ ደንታ ቢስ ይሆናል፤ ማጣበቂያውም እየወፈረ ስለሚሄድ ላሜራውን በደንብ አያርስም። ከ0.2 እስከ 0.5 በመቶ ባለው መካከል መጀመር ሁለቱንም ያስታርቃል።

ናኖቲዩብ ከፋብሪካ የሚመጣው እንደ ተጠላለፈ ክር ኳስ ሆኖ ነው፤ የመበተን ሥራ ማለት ክሩን ሳይበጥሱ ኳሱን መፍታት ማለት ነው። ባለ ሦስት ሮለር መፍጫ ካለ እርሱን ይምረጡ። በሮለሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከሰፊው ጀምረው በየዙሩ እያጠበቡ እስከ 5 ማይክሮሜትር ያውርዱና በመጨረሻው ክፍተት ደጋግመው ያሳልፉት። የአልትራሳውንድ ዘንግ ከሆነ ያለዎት፣ ዕቃውን በበረዶ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ጥቂት ሰከንድ እያሠሩ ጥቂት ሰከንድ እያሳረፉ ይቀጥሉ፤ ያለማቋረጥ ከሠራ ሬዚኑን ከማሞቁም በላይ ቲዩቦቹን ይሰባብራል፣ አጭር ቲዩብ ደግሞ መረብ ለመሥራት ብዙ ይጠይቃል። ሬዚኑን በአሴቶን አቅጥነው ከሆነ የበተኑት፣ አሴቶኑ ሙሉ በሙሉ መትነኑን በሚዛን ያረጋግጡ፤ ዕቃውን በየሰዓቱ መዝነው ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይጠብቁ። የቀረ አሴቶን ኢፖክሲውን ያለሰልሰዋል፣ አረፋም ይሆናል።

መበተኑ መሳካቱን ለማየት የሚከተለውን ያድርጉ። አንድ ጠብታ ቅልቅል በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ይጫኑና ከበስተጀርባው ብርሃን አብርተው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ጥሩ ቅልቅል ወጥ የሆነ ግራጫ ጭጋግ ይመስላል፤ ጥቁር ነጠብጣቦች በንጹሕ ቢጫ ሬዚን ላይ ተበትነው ካዩ ገና ኳሶቹ አልተፈቱም። በባልዲው ውስጥ ያለው ቅልቅል ድፍን ጥቁር መሆኑ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ እጅግ መጥፎው ቅልቅልም ጥቁር ነው።

ከዚህ በኋላ ቅልቅሉን አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም በቫክዩም ውስጥ ያቆዩት፣ ማጠንከሪያውን ይጨምሩና አየር እንዳያስገቡ በዝግታ ያማስሉ፤ የሥራ ጊዜው ከፈቀደ ለጥቂት ደቂቃ እንደገና አረፋውን ያስወጡ።

ላሜራዎቹን ማዘጋጀትና ማጣበቅ

የተቆረጠው ጠርዝ ላይ የቀረውን ስለታም ጉርብጥብጥ በሞረድ ያንሡ። በተራ ማጣበቂያ ሥራ ይህ ለውበት ነው፤ እዚህ ግን አንዲት የብረት ጥርስ የ0.2 ሚሊሜትሩን ክፍተት ተሻግራ ሌላውን ላሜራ ከነካች ከረንቱ ሁሉ በርሷ ያልፋል፣ ማጣበቂያውም ዝም ይላል። ከዚያም የሚጣበቀውን ገጽ በአሴቶን ያጽዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት በወጥ ግፊት ይፍቁ፣ ብናኙን እንደገና በአሴቶን ይጥረጉና ሳይነኩት በፍጥነት ያጣብቁ። ገጹ በትክክል መጽዳቱን በውኃ ጠብታ መፈተን ይቻላል፤ ውኃው ተዘርግቶ ስስ ሽፋን ከሆነ ንጹሕ ነው፣ ወደ ክብ ጠብታ ከተሰበሰበ ቅባት አለ። ፈትነው ሲጨርሱ ያድርቁት።

በአኖዳይዝ፣ ማለትም ገጹ ላይ በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክሳይድ ሽፋን፣ የተሸፈነ አሉሚኒየም ለማጣበቅ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለዚህ ልኬት ግን እንቅፋት ነው፣ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። እንዲህ ያለ ላሜራ እንደ መስታወት ፋይበር ተቆጥሮ ኤሌክትሮድ ሊሠራለት ይገባል። በተጨማሪም ካርቦንና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ በፍጥነት ይዝጋል፤ በእርጥብ ቦታ የሚያገለግል መጋጠሚያ ከሆነ ጠርዞቹ በማያስተላልፍ ማሸጊያ መዘጋት አለባቸው።

የንጣፉን ውፍረት ወጥ ለማድረግ በቅልቅሉ ላይ ጥቂት የመስታወት ዶቃ ይጨምሩ ወይም በማጣበቂያው ላይ ሳሳ አድርገው ይበትኑ። በሌላ ሥራ ለዚህ ተብሎ የሚቀመጥ ቀጭን የብረት ሽቦ እዚህ ፈጽሞ አይገባም፤ ምክንያቱ ከብረት ጥርሷ ጋር አንድ ነው። ማጣበቂያውን ይቀቡ፣ ላሜራዎቹን ከአንድ ጎን ጀምረው አየር እያስወጡ ያሳርፉ፣ በክላምፕ ሳያስጨንቁ ይያዙ። የብረት ክላምፕ ሁለቱን ላሜራዎች በኤሌክትሪክ ስለሚያገናኝ በመካከሉ ፕላስቲክ ያስገቡ። ተርፎ የወጣውን ማጣበቂያ በብረት አካላት ላይ ሳይጠነክር ይጥረጉ፤ በመስታወት ፋይበር ላይ ግን የብር ቀለሙን የሚሸፍነውን ያህል በእኩል መጠን ይተዉ።

ሽቦ ማያያዝ

ቀለል ያለ ስሌት ለምን አራት ሽቦ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ወርዱ 25፣ ርዝመቱ 12.5፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ ንጣፍ አስተላላፊነቱ በሜትር 0.1 ሲመንስ ቢሆን፣ ከላሜራ እስከ ላሜራ ያለው ሬዚስታንስ 6.4 ኦም ብቻ ነው። የመለኪያ ሽቦዎችና የመያዣዎቻቸው ሬዚስታንስ በቀላሉ ከአንድ ኦም አካባቢ ሊደርስ ይችላል፣ በተነካኩ ቁጥርም ይለዋወጣል፤ በሁለት ሽቦ ቢለኩ የመያዣው መንቀጥቀጥ የስንጥቅ ያህል ሆኖ ይታያል። በአራት ሽቦ ሲለካ ሁለቱ ከረንት ያመጣሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ብቻ ያነብባሉ፤ የሽቦዎቹ ሬዚስታንስ ከንባቡ ይወጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላሜራ ላይ ሁለት ሽቦ ያያይዙ፤ የቮልቴጁ ለድርቡ የቀረበ፣ የከረንቱ ከርሱ የራቀ ይሁን። ስታኞ በአሉሚኒየም ላይ በቀላሉ አይዝምና በትንሽ ብሎን ወይም ብር ባለው ማጣበቂያ ያያይዙት፤ በአረብ ብረት ላይ ስታኞ ይበቃል፣ ግን ሙቀቱ ወደ ድርቡ እንዳይደርስ ከማጣበቅዎ በፊት ይበይዱት።

ሲጠነክር

ኢፖክሲውን በአምራቹ ወረቀት ላይ በተጻፈው ሙቀትና ጊዜ ያጠንክሩት። መልቲሜትሩን ከዚህ ጀምሮ ማያያዝ ዋጋ አለው፤ ሬዚኑ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ቲዩቦቹ ወደ እርስ በርሳቸው ይጠጋሉ፣ ሬዚስታንሱም ሲወርድ ይታያል፤ ማጣበቂያው ሲይዝ መውረዱ ይቆምና ይረጋል። በአንድ ዙር ከተሠሩት መጋጠሚያዎች አንዱ ብቻውን ለየት ያለ መንገድ ከተከተለ፣ ገና ከመነሻው አረፋ ወይም የውፍረት ልዩነት እንዳለበት መጠርጠር ተገቢ ነው።

መነሻ ንባብ

ከጠነከረ በኋላ ወዲያውኑ የተነበበውን ቁጥር መነሻ አያድርጉ። መጋጠሚያዎቹ በክፍል ሙቀት ጥቂት ቀናት ይቆዩ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ፤ ንባቡ መንሸራተቱን ሲያቆም መነሻው እርሱ ነው። ከቁጥሩ ጋር የክፍሉን ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ የተጠቀሙበትን ከረንትና ቀኑን ይጻፉ።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ፍተሻዎች ያድርጉ። የመጀመሪያው በ1 ሚሊአምፔር፣ ከዚያም በ10 ሚሊአምፔር መለካት ነው። ሁለቱ ሬዚስታንሶች እኩል ከሆኑ መልካም ነው፤ በትልቁ ከረንት የወረደ ከሆነ፣ ወይ ንጣፉ እየሞቀ ነው ወይም በላሜራውና በማጣበቂያው መካከል የማያስተላልፍ ሽፋን ቀርቷል። ሁለተኛው የከረንቱን አቅጣጫ ገልብጦ መለካትና የሁለቱን አማካይ መውሰድ ነው፤ የተለያዩ ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ በሙቀት ልዩነት የሚፈጠረው ትንሽ ቮልቴጅ በዚህ ይጣፋል።

በሸክም ውስጥ ማንበብ

መጋጠሚያውን በመጎተቻ ማሽን ላይ ሲያስሩ ማሽኑ ራሱ ብረት መሆኑን አይርሱ። የላይኛውና የታችኛው መያዣ በማሽኑ አካል በኩል የተገናኙ ስለሆኑ ከረንቱ ማጣበቂያውን ትቶ በማሽኑ ዞሮ ይሄዳል። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ግማሽ ቀን ያጠፋሁት በዚህ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ 7 ኦም ያህል ያነብብ የነበረው መጋጠሚያ ማሽኑ ላይ ሲታሰር ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ሲፈታ ይመለሳል፤ ሽቦውን ሁሉ ቀያይሬ ከጨረስሁ በኋላ ነው መያዣዎቹን ያየሁት። በላሜራዎቹ ጫፎች ላይ የመስታወት ፋይበር ቁራጭ መለጠፍ ችግሩን ያስወግዳል።

ከዚያ ሸክሙን በእርከን ይጨምሩ፤ በእያንዳንዱ እርከን ጥቂት አቆይተው ያንብቡ፣ ወደ ትንሽ የተወሰነ ሸክም መልሰው እንደገና ያንብቡ። የሚጽፉት ከመነሻው ያለውን ልዩነት ለመነሻው በማካፈል የሚገኘውን በመቶ ነው። ከሸክሙ ጋር ወጥቶ ከሸክሙ ጋር የሚወርድ ለውጥ የማጣበቂያው መለጠጥ ነው። ሸክሙ ሳይለወጥ በድንገት ዘልሎ ወደ ላይ የቆመ ንባብ ግን የስንጥቅ ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ጥቂት የማይመለስ ለውጥ መታየቱ አያስደንግጥዎት፤ ኢፖክሲው ራሱን ሲያስተካክል እንዲህ ያደርጋል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ሸክም ጥቂት ጊዜ አለማምደው መነሻውን እንደገና ይያዙ።

በብረት አካላት ላይ ሬዚስታንሱ ከተጣበቀው ስፋት ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ የተላቀቀውን ስፋት በግምት ማስላት ይቻላል። ከስፋቱ 10 በመቶ ቢላቀቅ ሬዚስታንሱ በ11 በመቶ ገደማ፣ ሩቡ ቢላቀቅ በ33 በመቶ፣ ግማሹ ቢላቀቅ ደግሞ በእጥፍ ይጨምራል። እንደሚታየው ጭማሪው መጀመሪያ ላይ ዝግ ያለ፣ ወደ መጨረሻው ግን እየፈጠነ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ትንሽ ሳለ ማየት የሚቻለው ልኬቱ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሸክሙ ሲነሣ የስንጥቁ ሁለት ገጾች እንደገና ይነካካሉ፤ በየገጹ የወጡት ቲዩቦችም ሲነካኩ ከረንት ያሳልፋሉ። በዚህ ጊዜ ንባቡ ወደ መነሻው ተጠግቶ መጋጠሚያው የዳነ ይመስላል። ስለዚህ ያለ ሸክም በተወሰደ ንባብ ብቻ አይፍረዱ፤ ሁልጊዜ በአንድ የተወሰነ ሸክም ላይ የተወሰዱ ንባቦችን እርስ በርስ ያነጻጽሩ። ሸክም ለመጫን በማይመች መዋቅር ላይ ከሆነ፣ ቢያንስ መዋቅሩ በሥራ ላይ ሳለ የታየውን ከፍተኛ ንባብ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስቀምጡ።

ሙቀትና እርጥበት

ሸክም የማይነካው መጋጠሚያ የተሠራው ለዚህ ነው። የዚህ ዓይነት ማጣበቂያ ሬዚስታንስ በሙቀት ይለዋወጣል፤ እርጥበት ሲገባበትም ኢፖክሲው ስለሚያብጥ ቲዩቦቹ ይራራቃሉ፣ ንባቡም ይጨምራል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በሚኖረው የሙቀት ልዩነት ብቻ የሚመጣው ለውጥ የትንሽ ስንጥቅን ያህል ሊሆን ይችላል። ማነጻጸሪያውን ከሚሠራው መጋጠሚያ አጠገብ፣ በአንድ ጥላና በአንድ አየር ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያንብቡና የማነጻጸሪያውን የመቶኛ ለውጥ ከሚሠራው ይቀንሱ። ሁለቱም እኩል ከጨመሩ አየሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከጨመረ መጋጠሚያው ነው። እርጥበት ቀስ ብሎ ከጠርዝ ወደ መሐል ስለሚገባ ለውጡም በሳምንታት የሚለካ ዝግተኛ ነው፤ ስንጥቅ ግን በቅጽበት ይዘላል። ይህ የፍጥነት ልዩነት ብቻውን ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይለያል።

ንባቡ እምቢ ሲል

ቁጥሩ ማለቂያ የሌለው ከሆነ መረቡ አልተያያዘም ወይም ገጹ ላይ የማያስተላልፍ ሽፋን አለ፤ ከቅልቅሉ የተረፈውን በፕላስቲክ ቅርጽ አጠንክረው ለብቻው ቢለኩት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህም ከእያንዳንዱ ቅልቅል ትንሽ ቁራጭ ማስቀረት ጥሩ ልማድ ነው። ቁጥሩ ከሚጠበቀው እጅግ ዝቅ ካለ የብረት ንክኪ ይፈልጉ፤ ጠርዞቹን፣ ክላምፑን፣ ከዚያም የማሽኑን መያዣ። ቁጥሩ ያለ ምክንያት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በመጀመሪያ ሽቦዎቹን በእንጨት ዘንግ ቀስ ብለው ይንኩ፤ ንባቡ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የመያዣው እንጂ የማጣበቂያው አይደለም።

መጨረሻ ላይ ቢያንስ ሁለቱን መጋጠሚያዎች ሆነ ብለው በከፊል ይጎዱ፤ ንባቡ በ30 በመቶ ያህል ሲጨምር ሸክሙን ያቁሙ፣ በተከፈተው ጫፍ በኩል ቀጭን የቀለም ፈሳሽ ያስገቡና ሲደርቅ እስኪላቀቁ ይጎትቷቸው። ቀለም የነካው ስፋት ቀድሞ የተላቀቀው ነው፤ ፎቶ አንሥተው ከጠቅላላው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ይለኩና በሬዚስታንሱ ካሰሉት ጋር ያስተያዩት። ስንጥቁ በማጣበቂያው መሐል ሄዶ በሁለቱም ላሜራዎች ላይ ጥቁር ንጣፍ ትቶ እንደሆነ፣ ወይስ አንዱን ላሜራ ባዶ አድርጎ እንደተላቀቀም ይመዝግቡ፤ ባዶ የቀረ ላሜራ ካዩ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱና ወደ አሴቶኑ ይመለሱ።